ሞተሩ ሲመጣ ከውሃ በታች ይሰማል

ቴምቢሳ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዩብ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል፤ ጉልበቴም ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው። በዚህ ዘመን ወረቀት መላኬ ቢያስገርምህ አትፍረድብኝ። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ ከኋላህ የልጄ የጓደኛህ የሶፎንያስ ድምፅ የሚከተል ይመስለኝና መናገር ያቅተኛል። ወረቀት ላይ ግን እችላለሁ። ሲያስለቅሰኝ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ደንበኛ አስተናግድና እመለሳለሁ። ደብዳቤውን ወደ ኬፕታውን ዕቃ የሚጭነው ዱካሞ ያደርስልሃል። መልስ ካለህም ለእሱ ስጠው።

«ማን ነገረዎት? እንዴትስ ሰሙ?» ብለህ መልእክት ልከህልኛል። እንግዲህ ያን ቀን ልንገርህ።

በኮሮና ታምሜ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ተኝቼ ነበር። ሱቁን የያዘልኝ ሽጉጤ ነው። እሱ ራሱ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነው። ስለ ሶፎንያስ በጠየቅሁት ቁጥር «ባሕር ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ይለኛል። እኔም ባሕር የማላውቅ ሰው አመንኩት።

ድኜ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ወንበሬ ላይ በተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። መሰብሰብ በሕግ ተከልክሏል፤ ቤት ገብቶ፣ ዙሪያዬን ከቦ ማርዳት አይቻልም። ስለዚህ ማስካቸውን አድርገው፣ ተራርቀው፣ እንደ ደንበኛ ተሰለፉ። መጀመሪያ ሽጉጤ ክብሪት ገዛ። የራሱ ሱቅ ክብሪት ሞልቶበታል። ቀጥላ ከቤተ ክርስቲያን አብራ የመጣችው ካሳነሽ ክብሪት ገዛች። ከእሷ ኋላ ያለውም ክብሪት አለኝ። ምን ሆናችኋል፣ ቴምቢሳን ልታቃጥሉ ነው ወይ ብዬ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም። የገዛም ሰው አልሄደም። ሽጉጤ በብረቶቹ መካከል እጁን አስገብቶ እጄን ያዘ። በዚያ ሰሞን ማንም የማንንም እጅ አይነካም ነበር። ያኔ አወቅሁ።

ለካ በሽታው ሶፎንያስንም ይዞት፣ ሞቶ፣ ተቀብሮም ሰንብቷል። እኔ እስክድን ብለው አፋቸውን ዘግተው ቆይተዋል። አልተቆጣሁም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። አንተም ስትደብቀኝ ከነበሩት አንዱ መሆንህን አውቃለሁ፤ ይቅርታ አትጠይቀኝ።

አሁን ግን አንድ ነገር አትደብቀኝ። ልጄ ለእኔ የነገረኝ «ሰው ከባሕር የማውጣት ሥራ እየተማርኩ ነው» ብሎ ነው። ሰዎች ደግሞ ማዕበል ላይ ሲጫወት ነበር ይሉኛል። የቱ ነው እውነቱ? በመጨረሻስ አጠገቡ ሰው ነበር?

እናትህ ኤርጎጌ


ኬፕታውን፣ ኦገስት 20 ቀን 2021

ለተከበሩ እማማ ኤርጎጌ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የእናቴ የዛሂራም ሰላምታ ከጆሃንስበርግ፣ ከሜይፌር ሰፈር ይድረስዎ። አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ከሱቃችን ኋላ ከአባቴ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለቱም እውነት ነው። እዚህ በክረምት ፎቅ የሚያክል ማዕበል ይነሣል። በእጅ ቀዝፎ አይደረስበትም። ስለዚህ ሁለት ሰው ይሆናሉ። አንዱ ውሃ ላይ የሚሮጥ፣ ሞተርሳይክል የመሰለ የውሃ ሞተር ይነዳል፤ ሌላው የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በገመድ ይጎተትና ማዕበሉ ጫፍ ላይ ይለቀቃል። ይህ ጨዋታው ነው። ሰውየው ሲወድቅ ደግሞ የሚነዳው ዞሮ፣ ሌላ ማዕበል ሳይደርስ አንሥቶት መውጣት አለበት። ይህ ሥራው ነው። እኔና ሶፎንያስ እየተቀያየርን ሁለቱንም እንሠራ ነበር። እሱ ከሞባይል ሱቁ፣ እኔ ከአጎቴ መጋዘን እየወጣን አብረን ተማርን። ትንፋሽ መያዝ፣ የእጅ ምልክት፣ ደረት ተጭኖ ሰው መመለስ። ሶፎንያስ ገንዳ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ፣ ሰምጦ ከመቆየቱ የተነሣ አስተማሪዋ ታንያ ከነጫማዋ ልትዘልበት ነበር። ወጥቶ ምን አላት መሰለዎት? «እናቴ ጸሎት ስታስረዝም ነው የለመድኩት።»

ሆስፒታል አላስገቡኝም። ግን ብቻውን አልነበረም። አንዲት ነርስ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዛለት ነበር፤ እኔም በስልኩ ውስጥ ነበርኩ። በመጨረሻ አንድ ነገር ብሎኛል። እሱን ገና መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቆየኝ።

የምስክር ወረቀታችን አንድ ፈተና ቀርቶት ነበር፤ ራሱን የሳተ ሰው ከውሃ ማንሣት። ወረቀቱ ያለው ሰው ማዕበሉ በሚነሣበት ቀን ለነፍስ አድን ሞተሩን ይዞ ይቆማል፤ የሌለው አይፈቀድለትም። ታንያ ኖቬምበር ላይ እርስዎ ወዳሉበት ወደ ጆሃንስበርግ መጥታ በአንድ የውሃ ግድብ ላይ ትፈትናለች። ያ ካለፈ የተማርነው ሁሉ ይሰረዛል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ተፈታኙ ራሱን የሳተ መስሎ ውሃ ላይ የሚወድቅለትን ሰው ይዞ ይመጣል። የእኔ ሰው ሶፎንያስ ነበር። ስለዚህ ስሜን ከተፈታኞች ዝርዝር ላሰርዝ ነው። ሞተሩንም ሸጬ ሜይፌር ብርድ ልብስ ሻጭ እሆናለሁ። የሶፎንያስን ሰሌዳ በዱካሞ ልኬልዎታለሁ።

ልጅዎ አዩብ


ቴምቢሳ፣ መስከረም 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዩብ፤

እንደምን ከረምክ? ሰሌዳው በደህና ደርሶልኛል። እኔ ረጅም ነገር ጠብቄ ነበር፤ አጭርና ከባድ ሆኖ አገኘሁት። ከበቆሎ ዱቄቱ ጆንያ አጠገብ አቁሜዋለሁ። አንዲት ደንበኛ የልብስ መተኮሻ መስሏት ዋጋ ጠየቀችኝ። የእግር ማሰሪያውን አይታ ደግሞ «ይሄ ሸሚዙ እንዳያመልጥ ነው?» አለችኝ። ልጄ ከሞተ በኋላ ከሆዴ የሳቅሁት ያን ቀን ነው።

ለሞተሩ ገዢ አገኘሁ፣ ምን ይላሉ ብለህ በስልክ ልከሃል። አትሽጠው እላለሁ። አዩብ፣ ሶፎንያስን ውሃ አልወሰደውም። ታዲያ ውሃውን ለምን ታኮርፈዋለህ? በሚመጣው ክረምት የአንዷ ልጅ እዚያ ማዕበል ውስጥ መውደቁ አይቀርም። እናቱ እንደ እኔ ሩቅ አገር ተኝታ ይሆናል። አንተ ወረቀቱን ይዘህ እዚያ ብትቆም ለዚያች ሴት ክብሪት የሚገዛ አይመጣባትም። ስምህን እንዳታሰርዝ።

የሚወድቅልህ ሰው ብዬ እዚህ ፈለግሁ። ሽጉጤ ሻወር ውስጥም እጨነቃለሁ አለኝ። ከሆሳዕና እዚህ ድረስ ያን ሁሉ ድንበርና ጫካ አቋርጠው የመጡ ጎረምሶች ግድብ ሲባሉ በአንድ ጊዜ ሥራ በዛባቸው። ኋላ በስልክ በድምፅ የላክህልኝን ደግሜ ሰማሁት። ዋናተኛ መሆን አያስፈልግም ብለሃል። ላይፍ ጃኬት ለብሶ፣ ዝም ብሎ የሚተኛ አዋቂ ሰው ይሁን፤ ክብደቱ ግን ከተፈታኙ እንዳያንስ ብለሃል። በክብደቱ በኩል ጌታ አስቀድሞ አዘጋጅቶኛል። ዝም ብሎ መተኛትም ባለፈው ክረምት ተምሬዋለሁ።

እኔ እተኛልሃለሁ።

እናትህ ኤርጎጌ


ኬፕታውን፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2021

ለተከበሩ እማማ ኤርጎጌ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ። እርስዎን? የጓደኛዬን እናት በብብታቸው ይዤ እንደ ጆንያ ልጎትት? ለእናቴ ብነግራት «ነውር ነው፣ ሁለተኛ እንዳልሰማ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በማግስቱ ደውላ የልብስዎን ቁጥር ጠየቀችኝ። ቀሚስ እንደማይሆን ነግሬያት፣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን የዋና ልብስ እየሰፋች ነው።

ለጥያቄዎ፦ ውሃው ይበርዳል፤ አዞ የለበትም። የነፍስ አድን ጀልባ አጠገብዎ ይቆማል። ታንያም እርስዎ ከፈረሙ እፈቅዳለሁ ብላለች። ከባዱ ነገር መተኛቱ አይደለም፤ አለማገዝ ነው። ራሱን የሳተ ሰው እጅ አይዘረጋም፣ በእግሩ አይገፋም፣ አያወራም።

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም።

ልጅዎ አዩብ


ቴምቢሳ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዩብ፤

ስሜን አላሰረዝኩም ብለህ በዱካሞ አፍ የላክኸው ደርሶኛል። ተባረክ። ክትባቱንም ተወግቻለሁ። ልምምዱ እንዴት ነው ላልከኝ እነሆ መልሱ።

አለማገዝ እውነትም ከባድ ነው። ሱቁ ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ ተኛሁ። ሽጉጤ ትከሻዬን ይዞ እስከ በሩ እንዲጎትተኝ ተስማማን። በጎተተኝ ቁጥር እግሬ ሳላዝዘው ይረዳዋል። ሽጉጤ ተቆጣ። ይቺ ራሷን የሳተች ሴት ናት ወይስ የምትኳትን ብሎ ሰደበኝ። እንግዲያው እስከ በሩ ሳታደርሰኝ ዓይኔን አልገልጥም ብዬ ማልኩ።

በዚህ መሐል ጎረቤታችን አሮጊቷ ጎጎ ታንዲ ዳቦ ልትገዛ ትመጣለች። በብረቱ ብታይ፣ ማስክ ያደረገ ሰውዬ የማትንቀሳቀስ ባለሱቅ መሬት ለመሬት ይጎትታል። «ሀይቦ! ማማ ሶፊን ገደሏት!» ብላ መንገዱን አነቃችው፤ ሰፈሩ በሶፎንያስ ስም ማማ ሶፊ ነው የሚለኝ። ሰው መጥረጊያውን፣ ድስቱን ይዞ መጣ። ሽጉጤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ በአገሩ ቋንቋ ይምላል። እኔ ደግሞ ገና በሩ ጋ አልደረስኩም፣ ምያለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ቆየሁ። ኋላ ሳቁ አሸንፎኝ ስነሣ የገሚሱ ሰው ነፍስ ልትወጣ ነበር። ጎጎ ታንዲ ነገሩን ስናስረዳት ራሷን ነቀነቀችና፣ ሙታኑ ሲነሡ ዳቦዬን ስጡኝ አለች።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ፈተናሽ መቼ ነው ይለኛል። ፈተናው ያንተ ነው ብላቸውም አይሰሙኝም። የዛሂራ ልብስ ደርሶኛል። በልኬ ነው፤ እንዲያውም ለምሳ ቦታ ትታልኛለች።

ግድቡ ላይ እንገናኝ።

እናትህ ኤርጎጌ


ኬፕታውን፣ ዲሴምበር 3 ቀን 2021

ለእማዬ ኤርጎጌ፤

ከንፈርዎ ዳነ? እናቴ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ከንፈርዎን ነው፤ እኔን ኋላ ነው።

የምስክር ወረቀቱ መጣ። ስሜ ብቻ ነው ያለበት። ታንያን የሶፎንያስንም ይጻፉልኝ ብላት፣ ያልተፈተነ ሰው ስም አይጻፍም አለችኝ። ልክ ናት። ግን ሞተሩ ጎን ላይ በቀለም ስሙን እንድጽፍ ብሩሹን ያመጣችልኝ እሷ ናት። አሁን ሞተሩ «ሶፎንያስ» ይባላል። በክረምት እዚያ ይቆማል።

ይቆየኝ ያልኩዎትን አሁን ልጻፍ። በመጨረሻው ቀን ነርሷ ስልኩን ስትይዝለት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እንዲህ አለኝ፦ «ከውሃ በታች ቢሆን እስክትመጣ እጠብቅህ ነበር።» ይኸው ነው። እኔ መሄድ የማልችልበት ቦታ ሆኖ ጠበቀኝ። ለዚህ ነው ውሃውን ያኮረፍኩት።

እናቴ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሜይፌር ሰው ልትሰበስብ ነው። በሕጉ ምክንያት ለሶፎንያስ ሐዘን ሳንቀመጥ ቀርተናል ትላለች። እርስዎም፣ የቤተ ክርስቲያንዎ ሰዎችም ይምጡ። እኔም ለዚያ እመጣለሁ። የግድቡን ቀን እኔ ስነግራት እፍረቴን እየዘለልኩ ስለሆነ እናቴ ከእርስዎ መስማት ትፈልጋለች።

ልጅዎ አዩብ


ቴምቢሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለአዩብ፣ ለእህቴ ለዛሂራ፣ በቤቷም ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህ ሲነበብ እኔም መካከላችሁ ተቀምጫለሁ፤ በአፌ መናገር ስለማይሆንልኝ ነው በወረቀት ያደረግሁት። አዩብ፣ ፈጥነህ አታንብብ። እኔ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። እፍረትህንም እንዳትዘል።

ዛሂራ የጠየቅሽኝ ውሃው ውስጥ ምን እንደተሰማኝ ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ ብርድ ነው። በአንቺ ልብስ ላይ ቀዩን ላይፍ ጃኬት ስደርብበት የለስላሳ ፍሪጅ መስዬ ነበር። ጀልባዋ ከዳርቻው ወስዳ አወረደችኝ። «ጌታ ሆይ» ብዬ ስጮህ፣ ራሷን የሳተች ሴት አትጮህም ተባልኩና ዝም አልኩ።

አዩብ መጣ። ጥሩ አድርጎ ይመጣ ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ግን የእናት ፊት ላይ ውሃ መርጨት ነውር ሆነበትና ሞተሩን አጠፋው። ቆቡን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ፣ እማማ ኤርጎጌ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልይዝዎት ነው አለኝ። እኔም ራሴን የሳትኩት ሴት፣ ምንም አይደል ልጄ ብዬ መለስኩ። ለካ ያ ሞተር ሲጠፋ መሪውም አብሮ አይሠራም። አዩብ ቆቡን እንደያዘ፣ አንገቱን እንደደፋ፣ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብሎ አልፎኝ ሄደ።

ዳር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ታንያ አልሳቀችም። ባሕር ቢሆን ሁለታችሁም አሁን የላችሁም አለች፤ አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶሃል አለችው። አዩብ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። አልችልም አለኝ። ሶፎንያስ ቢሆን እንደፈለግሁ እጎትተው ነበር፤ እርስዎን ግን እጄ እምቢ አለኝ አለ። ያኔ ነው ወረቀቱም፣ ሞተሩም፣ ልጁም ከእጄ ሊወጡ መሆኑን ያወቅሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ከሶፎንያስ ጆሮ በላይ ያለችውን ጠባሳ ታውቃታለህ?» አልኩት።

«አውቃታለሁ። ሻርክ ነው ብሎናል።»

«እናቱ ናት። ገና ድክ ድክ ሲል፣ ልብስ ሳጥብ ወንዝ ገባብኝ። ፀጉሩን ጨምድጄ ጎትቼ ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ልያዝህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። አንተም ሂድና ጠባሳ ጣልብኝ።»

አዩብ ሻርክ ነው ያለውን እያሰበ መሰለኝ፣ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣበት። ተነሣ።

እንደገና ወሰዱኝ። በጀርባዬ ተኛሁ፤ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገባ። እዚያ ውስጥ እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! የሰው ድምፅ የለም፣ የመኪና የለም፣ የራሴ ልብ ብቻ። ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከሥር፣ እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ መጣ። ሰውየው ገና ሳይታይ ድምፁ ይደርስሻል ዛሂራ። በደረትሽ ይሰማሻል። እየመጣ ነው፣ ወዳንቺ ነው የሚመጣው፣ ታውቂዋለሽ። ራሴን ስቻለሁና ፈገግ እንዳልል ተጠነቀቅሁ።

ሞተሩን አላጠፋም። በጃኬቴ ማሰሪያና በክንዴ ይዞ ከሞተሩ ኋላ በታሰረው የጎማ ፍራሽ ላይ ጣለኝ። አገጬ ተጋጨ፤ ጥርሴ ከንፈሬን ቆረጠው። «እማዬ፣ ያዝኩሽ!» እያለ እስከ ዳር ጮኸ። ታንያ ከንፈሬን አይታ ተጎዳሽ ወይ አለችኝ። በእንግሊዝኛዬ፣ ይሄ የእኔ የምስክር ወረቀት ነው አልኳት። ያኔ እሷም ሳቀች።

አሁን አዩብ፣ የጻፍክልኝን የልጄን ቃል ደጋግሜ አሰብኩት። እስክትመጣ እጠብቅህ ነበር ያለህ ሊወቅስህ አይደለም። ውሃ ውስጥ ተኝቼ ስጠብቅህ ገባኝ። ልጄ ከውሃ በታች ሲቆይ የሚታገሰው ሳንባው ብቻ አልነበረም። የሞተርህ ድምፅ ይሰማው ነበር። ሆስፒታሉም ውስጥ በስልኩ ድምፅህን እየሰማ ነው የሄደው። አልፈራም ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ እተኛለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው አይጸለይም። ሽጉጤ እዚያ ጥግ ተቀምጦ እየሰማኝ ነው፤ ትክክል ነው ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በእናንተም በሙስሊሞቹ ዘንድ የተጻፈ ሕግ ይኖራል። ከማንም ሕግ ጋር አልከራከርም። ሽጉጤ ሆይ፣ አንተ ግን ሱቅህ ሙሉ ክብሪት እያለ ከእኔ ክብሪት ገዝተሃል። የማያስፈልግ ነገር ለሰው ሲባል እንደሚደረግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ልጄ ጸሎት የማያስፈልገው ቦታ ደርሶ ከሆነም ደግ ነው፤ ቢሆንም ጸልዩለት። የሚሰማችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አትጨነቁ። እሱ ጸጥ ባለ ቦታ ተኝቷል፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ለይቶ ማወቅም ለምዷል።

ይህን የምትሰሙ ሁሉ፣ ለልጄ ለሶፎንያስ ጸልዩ። እየመጣችሁ መሆኑን ይስማ።

የሶፎንያስና የአዩብ እናት፣ ኤርጎጌ